ሲቪዬ ላይ ያለችው ሴትዮ ማናት?

እስኪ ፍረዱኝ። ከተመረቅሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። በዘጠኝ ወር ሰው ይወለዳል፤ እኔ ሥራ አላገኘሁም። ዛሬ ግን የመጣሁት ስለ ሥራው ላወራ አይደለም። ስለዚያች ሲቪ ስለምትባል ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። አንጀቴን አሳርራኛለች።

የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። መውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ (ያቺን 50 ከመቶ ለማለፍ ስንት ሌሊት ሳልተኛ እንዳደርኩ እኔና እናቴ እናውቃለን)። ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) ይዤ አዲስ አበባ እንደተመለስኩ መጀመሪያ ያደረግኩት ሲቪ ማሠራት ነበር። ልብ በሉ፣ «መጻፍ» አላልኩም። እኛ አገር ሲቪ ይሠራል፣ እንደ ቀሚስ። ሰፈራችን ውስጥ ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን የሚል ቤት አለ። ገባሁ። ልጁ ቀና ብሎም አላየኝ።

«የባንክ ነው የኤንጂኦ?»

«ምኑ?»

«ሲቪው።»

ኋላ ነው የገባኝ። ሁለቱም አንድ ፋይል ናቸው። የባንኩ ሰማያዊ፣ የኤንጂኦው አረንጓዴ። የሌላ ሰው ሲቪ ከፈተ፣ ስም ቀየረ፣ ዩኒቨርሲቲ ቀየረ፣ ሲጂፒኤ ቀየረ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። 200 ብር።

እንግሊዝኛው ግን ያምራል፣ አልዋሽም። ሴልፍ ሞቲቬትድ ነኝ። ቲም ፕሌየር ነኝ። አንደር ፕረዠር እሠራለሁ። በኋላ የጓደኛዬን ሲቪ ሳየው እሷም ሴልፍ ሞቲቬትድ ናት። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የጨረሰው የጎረቤታችን ልጅም እንደዚያው። ሰፈሩ በሙሉ ሴልፍ ሞቲቬትድ ነው፤ ሁላችንም ቤት ቁጭ ብለናል።

ሠላሳ ኮፒ አስባዝቼ መዞር ጀመርኩ። ታላቅ ወንድሜ ሥራ የፈለገው አራት ኪሎ ቆሞ ሰሌዳ እያነበበ ነበር። እኔ ቴሌግራም ላይ ነኝ፤ ረቡዕና እሑድ ደግሞ ሪፖርተር ጋዜጣ አያመልጠኝም። ማስታወቂያዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። «ብዛት፦ 01። ጾታ፦ አይለይም። ደመወዝ፦ በስምምነት። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት።» እሰይ ብለሽ ወደ ታች ስትወርጂ፣ «ፒችትሪ በሚገባ የሠራ፣ የታክስ ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ቅድሚያ ይሰጠዋል።» ፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። ዜሮ ዓመት ውስጥ የት ሄጄ ነው ጠንቅቄ የማውቀው? አንዳንዱ ደግሞ ኦሪጅናል ዲግሪ አምጪ ይላል። ኦሪጅናሉ የኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ዕዳ ሳይከፈል አይሰጥም። ዕዳው የሚከፈለው ሥራ ተይዞ ከደመወዝ ነው። ሥራው ኦሪጅናል ይፈልጋል። በቃ፣ ዙሪያ ጥምጥም።

ተዉት። ሲቪዬ ላይ ወዳለችው ሴትዮ ልመለስ።

ከስንት ማመልከቻ በኋላ አንድ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራኝ። የእናቴን ነጠላ ጫማ ብቻ ነው ያላደረግኩት፣ ሌላው ልብስ ሁሉ የተዋስኩት ነው። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐል ያሉት ሰውዬ ሲቪዬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ፈገግ ብለው በአፋን ኦሮሞ ያናግሩኝ ጀመር። «አከም ጂርታ?» ሲሉኝ «ፈያ» አልኩ። እስከዚህ ደህና። ከዚያ አንድ ረጅም ጥያቄ ጠየቁኝ። የማውቃት ቃል አንድ ብቻ ናትና አሁንም «ፈያ» አልኩ።

ሰውዬው ዝም ብለው ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት። ላንጉዌጅ ከሚለው ሥር፣ አፋን ኦሮሞ፤ ማንበብ ኤክሰለንት፣ መጻፍ ኤክሰለንት፣ መናገር ኤክሰለንት። ዓይኔ ከፍ ሲል ማሪታል ስታተስ፣ ማሪድ። ታች ደግሞ «ከላይ የሰፈረው መረጃ ትክክል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። ፊርማው የእኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጁ የፊተኛዋን ባለጉዳይ አጥፍቶ አልጨረሳትም። እኔም አላነበብኩትም፤ ስሜንና ሲጂፒኤዬን ብቻ አይቼ ነው የፈረምኩት። ሠላሳ ቦታ በትኜዋለሁ እኮ! ሠላሳ ቢሮ ውስጥ ባለትዳር ነኝ።

ይህን እቤት ስናገር ደግሞ ምክሩ ጎረፈ። አጎቴ «ሁለት ገጽ ምን ያደርጋል፣ የሚኒስትሪ ውጤትሽንም አስገቢው» አለ። የስምንተኛ ክፍሉን! ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ጥሩ ፎቶ ለጥፊበት አለች። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሟ ፎቶ በፍጹም፣ ዕድሜም ጾታም ትዳርም አውጪ አለ። ሁለቱም ያሉበትን አገር ነው የሚያወሩት፤ እኔ ያለሁት መገናኛ ነው። ቲክቶክ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ችሎታሽን በፐርሰንት አሳዪ ይላል። ኤክሴል 85 በመቶ። የቀረው 15 በመቶስ? ቫት ተቆርጦ ነው?

ደህና ነገር የሰማሁት ካላሰብኩት ቦታ ነው። ለአፓረንትሺፕ (ለተግባር ልምምድ) ሁለት ወር የሠራሁበት የሒሳብ ቢሮ ሄጄ አለቃዬን ሬፈረንስ ይሁኑኝ ብዬ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አንዷ መስመር ላይ ቆሙ። «አፓረንትሺፕ፣ ሁለት ወር» ትላለች፣ ሌላ የላትም።

«ያ ዜድ ሪፖርት በፌስታል ያመጣው ነጋዴ ትዝ ይልሻል?»

«አዎ።»

«የስንት ወር ነበር?»

«የሰባት።»

«ማን አስተካከለው?»

«እኔ።»

«ታዲያ የታለ?»

የለም። ከካሽ ሬጅስተር የወጣ የሰባት ወር የየዕለት ሽያጭ ወረቀት፣ ግማሹ ጽሑፉ ደብዝዟል። በቀን በቀን ደርድሬ፣ ከሽያጭ መዝገቡ ጋር አስተያይቼ፣ የጎደሉትን ቀናት አውጥቼ፣ የየወሩ የቫት ማሳወቂያ እንዲሞላ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ወገቤ ተቆርጧል። ሲቪዬ ላይ ግን የለም፤ ልምድ ማለት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ብቻ ይመስለኝ ነበራ። የእናቴን ሱቅ ዱቤ ደብተርም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የያዝኩት እኔ ነኝ አልኳቸው እየሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ሬሲቨብል ሌላ ምንድን ነው? ጻፊው» አሉኝ። ሬሲቨብል ማለት ከደንበኛ የሚሰበሰብ ዕዳ ነው።

አራት ዓመት ስማር ስለ ራሴ አንድ ገጽ ጻፊ ያለኝ መምህር የለም። ይኼ ነው የሚያበሳጨኝ።

የጓደኛዬን ላፕቶፕ ተውሼ ራሴ ጻፍኩት። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ኦብጀክቲቭ የሚለው የዓላማ ክፍል ወጣ። ሴልፍ ሞቲቬትዱ ወጣ። ሆቢ ከሚለው ሥር የነበረው ዋናም ወጣ፣ እኔ ዋና አልችልም። ፌስታሉ ገባ፣ ዱቤ ደብተሩ ገባ፣ ፒችትሪ የሠራሁት ምን እንደሆነ ገባ። አንድ ገጽ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቦታ ጠሩኝ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለ ዜድ ሪፖርቱ ብቻ ነው ያወራነው። መልሱን ገና አልነገሩኝም፣ እንደውልልሻለን ነው ያሉት።

እና አንቺ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፈሽ የምትናገሪ፣ ዋና የምትወጂ፣ ባለትዳር እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ይቅርታ። ስምሽ ጠፍቶ ነው እንጂ ሰው ሁሉ ጋ አድርሼሻለሁ። ከእኔ በኋላ ተመልሰሽ እዚያ ቤት ሲቪ አሠርተሽ ከሆነ ግን ሳትፈርሚ አንብቢው። ማሪታል ስታተሱ ሲንግል ካለ፣ ያቺ እኔ ነኝ።