አቦሉ ሳይወርድ የሚሄድ እንግዳ

አክስቴ ባለፈው ጥቅምት ከቦስተን ተነስታ እስከ ኩቤክ ሲቲ በመርከብ ደርሳ ተመለሰች። የጅማዋ ሂርማታ ልጅ ናት፤ አሜሪካ ከገባች ግን ብዙ ዘመኗ ነው። ደውላ ስታወራኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የመርከቡን ምግብ ብቻ ነገረችኝ። በመጨረሻ፣ «እቴቴ፣ ከተሞቹስ እንዴት ነበሩ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ያምራሉ። እኔ ግን ሰዓቴን ሳይ ነው የዋልኩት» አለችኝ።

ይቺ መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

ክሩዝ የሚባለው ነገር በአጭሩ ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። ሌሊት ይጓዛል። ጠዋት አንድ ጥንታዊ የባሕር ዳር ከተማ ላይ ይቆማል (የጣናዋን ማለቴ አይደለም)። ተሳፋሪው ወርዶ ይዞራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ይገዛል፤ አመሻሽ ላይ ተመልሶ ይሳፈራል። በመፀው ወራት ሜዲትራኒያን ላይ ሙቀቱ በረድ ይላል፤ ተማሪ ትምህርት ቤት ስለገባ የልጆች ጫጫታም ይቀንሳል። ከቦስተን ወደ ካናዳ የሚወስደው መስመር ደግሞ የሚደራው በዚሁ ጊዜ ነው። ሜፕል የሚሉት ዛፍ ቅጠሉ ቀልቶ ኮረብታው ሁሉ የተቀጣጠለ ይመስላል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ይህን ወቅት ብዙ ተርጓሚ «በልግ» ይለዋል። የኛ በልግ ሌላ ነው። የእነሱ ቅጠል የሚረግፍበት ጊዜ ለኛ መፀው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ወርኃ ጽጌም እዚሁ ውስጥ ነው። እዚያ ቅጠል ሲቀላ እዚህ ጅማ ቡና ይቀላል። እነሱ የቅጠሉን ቅላት ለማሳየት መርከብ ሙሉ ሰው ያስከፍላሉ። እኛ የቡናውን ከአውቶቡስ መስኮት አይተን እናልፋለን።

መርከቡን ላወግዝ አይደለም የተነሳሁት። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። ሻንጣዋን አንዴ ፈትታ፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኛች፣ አምስት ከተማ አየች። በየብስ ቢሆን አትሞክረውም ነበር።

ግን እስቲ ኩቤክን እንይ። ሳሙኤል ደ ሻምፕላን እ.ኤ.አ. በ1608 የቆረቆራት ከተማ ናት። አሮጌው ክፍል እስከ ዛሬ በግንብ እንደታጠረ ነው፤ ግንቡ 4.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1985 መዝግቦታል። ሐረር ጀጎልን የሚያውቅ ሰው መልኩ አይጠፋውም። መርከቡ ከገደሉ ሥር ይቆማል። አክስቴ በገመድ በሚሳብ ፉርጎ ወደ ላይኛው ከተማ ወጣችና አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብታ የሽንኩርት ሾርባ አዘዘች። ሾርባው ቆየ። ሲመጣ ደግሞ ይፋጃል። እፍ እያለች ሦስት ማንኪያ ቀመሰችና ሒሳቧን ከፍላ ወጣች፤ መርከብ አይጠብቅማ። አራት መቶ ዓመት ላለፋት ከተማ ሦስት ማንኪያ ሾርባ!

ከተሞቹም ምሬት አላቸው። ተሳፋሪው አልጋውንም ቁርሱንም እራቱንም ለመርከቡ ከፍሎ ነው የሚመጣው። ለከተማው የሚተርፈው በአብዛኛው ኮቴው ነው። ባለግንቧ የክሮኤሺያ ከተማ ዱብሮቭኒክ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከሁለት መርከብ በላይ አላስጠጋም አለች። የጣሊያን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ግዙፎቹን መርከቦች ከቬኒስ መሀል ከተማ ቦይ አስወጣ። በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ደግሞ ባር ሃርበር የምትባል 5,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥተው በቀን ከመርከብ የሚወርደው ሰው ከ1,000 እንዳይበልጥ ወሰኑ። ነጋዴዎቿ ፍርድ ቤት ሄዱ። አልፈርድባቸውም። ቲሸርት የሚሸጥ ሰው ይህን ሁሉ ደንበኛ በአንድ ጠዋት ሲያመጡለት ይብቃኝ አይልም።

«ታዲያ ጅማን ምን አገባት?» ትሉኝ ይሆናል። ባሕር የለን፣ መርከብ የለን። (የባሕር በር ክርክር ውስጥ ዛሬ አልገባም፤ ከገባን አንወጣም።)

ጅማ ባሕር ባይኖራትም የወደብ ጠባይ ነበራት። ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሸዋ ወደ ካፋ በሚወስደው የሲራራ ንግድ መስመር ላይ የነበረች ትልቅ ገበያ ናት። በሳምንት እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብባት እንደነበር ተጽፏል። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ማር ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ዘልሎ ስለ ገበያው ድምቀት ማውራት ነውር ነው። አፍቀላው (የኦሮሞ ሲራራ ነጋዴ ማለት ነው) እና ጀበርቲው ነጋዴ በበቅሎ ጭኖ ይመጣል። መጥቶ ግን በስድስት ሰዓት ውስጥ ውልቅ አይልም። በቅሎዋ ማረፍ አለባት። ዋጋ ማጣራት አለበት። ግቤ ከሞላ ደግሞ ሳይጎድል ንቅንቅ የለም። ስለዚህ ያድራል፣ ይሰነብታል፣ አንዳንዱም አግብቶ ይቀራል። ዛሬ ጅማ ላይ በአንድ ሰፈር አራት አምስት ቋንቋ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ከአክስቴ ስልክ ሁለት ሳምንት በኋላ ጅሬን ወጥቼ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ። አንድ ሚኒባስ ጎብኚ ይዞ መጣ። አስጎብኚው ገና በሩ ሳይከፈት «አርባ ደቂቃ!» አለ። ሞተሩ አልጠፋም። ከመንገዱ ዳር አንዲት እናት ቡና ይቆሉ ነበር። ጸጉራቸው የሸበተ ፈረንጅ እናት ጭሱን ተከትለው መጡና የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ወዲያው ደግሞ ብድግ ብለው በርጩማውን ገለበጡት። ሦስቱን እግሮች በጣታቸው ዳሰሱ፤ መጋጠሚያ እየፈለጉ ነው። የለውም፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ሲገባቸው ሳቁ። ቡናው ተወቀጠ፣ ጀበናው ተጣደ። ልክ ፈላ ማለት ሲጀምር ሹፌሩ ክላክስ አደረገ።

«ገና አቦሉ ሳይወርድ?» አሉ ባለቡናዋ። ሴትዮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቅርታ እየጠየቁ ሮጡ። አቦሉን ጥበቃው፣ አንድ ሊስትሮና እኔ ጠጣነው። ቶናውንም በረካውንም እንዲሁ።

ባሕርም መርከብም ሳይኖረን ክሩዝ ፈጥረናል። እንግዳው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተንገላቶ ይመጣል። ቤተ መንግሥቱን ያያል፣ ምሳ ይበላል፣ ወደ ቦንጋ ያልፋል። ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ በር ላይ ስንት ሰው እንደገባ ቆጥረን እናጨበጭባለን። እኔ ብሆን የምቆጥረው ያደረውን ነው። ያደረ ሰው እራት ይበላል፣ ባጃጅ ይይዛል፣ ጫማ ያስጠርጋል፣ ጠዋት ሂርማታ ወርዶ በርጩማ ይከራከራል። አንድ ቀን ከጨመረ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጥቅምትና በኅዳር ቀይ ቡና ሲለቀም፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ያያል። እግረ መንገዱንም ጮጬን፣ ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚያ ነው የምንለውን ቦታ፣ ይሳለማል። (የካፋ ወንድሞቻችን በዚህ አይስማሙም። ይሁን፤ እነሱም ጋ ሄዶ ይደር።)

ለዚህ ደግሞ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል አልጠይቅም። ንጹሕ አልጋ፣ ማታ በእግር የሚኬድበት መብራት ያለው መንገድ፣ የማይቋረጥ ውኃ። ውኃው ሌሊት ከሄደ እንግዳውም በማለዳ ይሄዳል። አስጎብኚ ድርጅቶችም ጉዞውን ሲያዘጋጁ ከአርባው ደቂቃ በፊት ጀበናውን ቢያስቡት ጥሩ ነው።

ሰሞኑን አክስቴ ደወለች። ለመጪው ጽጌ ልትመጣ ነው። ደስ ብሎኝ «ጅማ ስንት ቀን ነሽ?» አልኳት።

«ሁለት ቀን። ከዚያ ላሊበላ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ…»

«እቴቴ፣ ሾርባውን ረሳሽው?»

ሳቀች። ትኬቱን ቆርጣለች፤ ይቀየራል አልኳት። እየተደራደርን ነው። እስካሁን አራት ቀን ደርሳለች።