«በኋላ አየዋለሁ» ያልነው ከተማ

ውጭ አገር የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ አጥርቶ የሚያውቀው የሥራውንና የአውሮፕላን ማረፊያውን መንገድ ነው። በባቡር ሁለት ሰዓት የሚያስኬደውን ጥንታዊ ከተማ ሳያይ አምስት ዓመት ያልፈዋል። «የት ይሄዳል፣ በኋላ አየዋለሁ» ይላል። እኔም እንዲህ እያልኩ ዓመታት አልፈውኛል፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

አንዳንዱ ደግሞ እረፍት ሲያገኝ በአራት ቀን አምስት ከተማ ያዳርሳል። ይህም አይዋጥልኝም። ከሩቅ የመጣ ቱሪስት ቢቸኩል አይፈረድበትም፣ ዳግም ላይመጣ ይችላል። እዚያው አካባቢ የሚኖር ሰው ግን ደጋግሞ መሄድ ይችላል። ትልቁ ሀብቱ ይኼ ነው።

በውሃ ላይ የተሠራችውን የጣሊያኗን ቬኒስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሮጌው ከተማ 175 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከ50 ሺህ በታች ነው። ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣው እንግዳ ግን መተላለፊያ ያሳጣል። ለዚህም ነው ከተማዋ ከ2024 ጀምሮ ሰው በሚበዛባቸው ቀናት፣ ሳያድሩ ለሚመለሱ ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ ያወጣችው። ሆቴል ያደረ ሰው አይከፍልም። «ከመጣችሁ እደሩ» የተባልን ያህል ነው የተሰማኝ። አድሬ አይቻታለሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ግርግሩ ከባቡሮቹ ጋር ይሄዳል። የሚሰማው ውሃው ድንጋዩን ሲመታና የሰው ኮቴ ነው። መኪና የለማ!

በማግስቱ ቫፖሬቶ በሚሉት የሕዝብ ጀልባ ወደ ደሴቶቹ ሂዱ። አብዛኛው ሰው በባለቀለም ቤቶቿ የምትታወቀው ቡራኖ ላይ ወርዶ ይቀራል። ቶርቼሎ የምትባለው ደሴት ግን ከዚያ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ናት። ቬኒስ ሳትገን በፊት ሺዎች የሚኖሩባት የደመቀች ከተማ ነበረች። ዙሪያዋ ያለው ውሃ በደለል እየተሞላ ረግረግ ሆነ፤ ወባ ገባ፤ ሰው ቤቱን እየለቀቀ ወጣ። ዛሬ ነዋሪዎቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ639 የተመሠረተው ካቴድራል ግን አሁንም አለ። በምዕራቡ ግድግዳው ላይ የፍርድ ቀን በሞዛይክ ተሥሏል። እዚያ ፊት ለፊት ብዙ ቆሜያለሁ። ሰው ለቆት የሄደ አገር ምን እንደሚመስል ማየት፣ አገሩን ለቆ ለሚኖር ሰው ልብ ይነካል።

የቱርኳ ኢስታንቡልም እንዲሁ ናት። በ537 ቤተ ክርስቲያን ሆና የተጠናቀቀችውን ሃጊያ ሶፍያን ሁሉም ያያል፣ መታየትም አለባት። እዚያ የምትኖሩ ከሆነ ግን በሥራ ቀን የከተማውን መርከብ ይዛችሁ ቡዩክአዳ ደሴት ውረዱ። የግል መኪና አይነዳበትም። የፈረስ ጋሪዎቹም በ2020 ቆመው በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ተተክተዋል። ከሶቪየት ኅብረት የተባረረው የሩሲያ አብዮት መሪ ሊዮን ትሮትስኪ ከ1929 እስከ 1933 በቱርክ ከቆየበት የስደት ጊዜ አብዛኛውን ያሳለፈው እዚህ ነው፤ እየጻፈ፣ ዓሣም እያጠመደ።

ገንዘብና ወረቀት ሰውን እንደሚያስሩ አውቃለሁ። ነገር ግን በአንዱ የሸንገን አገር፣ ማለትም እርስ በርስ ድንበራቸውን ከከፈቱት የአውሮፓ አገሮች በአንዱ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዞ፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሌሎቹን የሸንገን አገሮች ያለ ተጨማሪ ቪዛ መጎብኘት ይችላል። ይህን ሳያውቁ ዓመታት ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ወጪውም ቢሆን ሁሉም በሚጎርፍበት በሐምሌና በነሐሴ ካልሄዳችሁ ይቀላል።

ቶርቼሎን ለሁለተኛ ጊዜ ያየኋት በጥር ነው። ብርድ ነበር፣ ጭጋጉም ገና አልገፈፈም። ከጀልባው የወረድነው ሦስት ሰዎች ነን። ሁለቱ ወደ ቤታቸው ገቡ።