«ብርድ ነው» እና «ፒኤስኤዬ (የፕሮስቴት የደም ምርመራዬ) ደህና ነው»፦ ሁለቱም ምርመራ አይደሉም

ሽንት ያስቸገረው ወንድ በአገራችን ለበሽታው ስም አውጥቶለት ነው ከቤት የሚወጣው። «ብርድ መታኝ» ይላል። ከዚያ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ አሥር ፍሬ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ይገዛል፤ ያለ ማዘዣ መሸጥ እንደሌለበት ሻጩ ያውቃል፣ ገዢውም አያጣውም። ሦስት ቀን ውጦ ቀለል ያለው ሲመስለው የቀረውን ኪሱ ውስጥ ይረሳዋል። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና።

ብርዱ ከደሙ ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ሽንት ይበዛል፤ በፊኛው አፍና በፕሮስቴት ውስጥ ያለው ጡንቻም ይጨብጣል። ስለዚህ ፕሮስቴቱ ቀድሞ ያደገበት ሰው ሐምሌ ላይ ቢብስበት አይገርምም። ብርዱ ግን የነበረውን አጋለጠ እንጂ አላመጣውም።

ፕሮስቴት ከፊኛው ሥር የሽንት ቧንቧውን ከቦ የተቀመጠ፣ በወጣትነት 20 ግራም ገደማ የሚመዝን እጢ ነው። 60 ዓመት አካባቢ ከወንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ ማደግ ጀምሯል፤ 80ን ባለፈ ሰው ላይ ብርቅ የሚሆነው አለማደጉ ነው። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ነገር ግን ቧንቧውን ያጠባል፦ ሽንት ለመጀመር ያስጠብቃል፣ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ጨረስኩ ካሉ በኋላ ይንጠባጠባል፣ ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ያስነሳል። የሚያቃጥልና ትኩሳት ያለው ሽንት ኢንፌክሽን ቢባል ያስኬዳል። ሳያቃጥል ከዓመት ዓመት እየቀጠነ የሚሄደውን ግን አንቲባዮቲክ ምን ያደርገዋል? ይልቅስ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ለጊዜው ስለሚያዳክም፣ በኩላሊት ወይም በፊኛ የተደበቀ ቲቢ ያለበትን ሰው ምርመራ ያዘገያል። ሽንቱ ውስጥ መግል እየታየ በካልቸር (ጀርሙን በላቦራቶሪ በማብቀል ምርመራ) ምንም ካልበቀለ፣ መጠርጠር ያለበት ይኸው ቲቢ ነው።

ደም ያለበት ሽንት ከታየ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ቢጠፋም፣ ጨርሶ ባያምም፣ ፊኛው በካሜራ መታየት አለበት። አለማመሙ የሚያጽናና ሳይሆን የሚያስፈራ ምልክት ነው፤ የፊኛ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው፣ በተለይ በሚያጨስ ሰው ላይ። በአዋሽ የታችኛው ሸለቆ ወይም በኩርሙክ አካባቢ ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ ያደገ ሰው ከሆነ፣ የሽንት ቢልሃርዝያም መታሰብ አለበት።

«ብርድ» የሚለው ስም ሌላም መዘዝ አለው፦ የጉንፋን ክኒን ያስጨምራል። ሲውዶኤፌድሪን የፊኛውን አፍ ያጠብቃል፤ ክሎርፌኒራሚን ደግሞ ሽንቱን የሚገፋውን ጡንቻ ያደክማል። ፕሮስቴቱ ያደገበት ሰው ማታ ከዋጠው፣ ጠዋት ፊኛው ተወጥሮ ጠብታ ላይወጣው ይችላል።

ያኔ ሽንቱን የሚያፈስ ቱቦ፣ ካቴተር፣ ይገባል። ቀላል ሥራ ይመስላል፣ አይደለም። ሽንት ሲፈስ ከታየም በኋላ ቱቦው እስከ መጨረሻው ሳይገፋ ጫፉ ላይ ያለችው ባሉን ከተሞላች፣ የምትነፋው ፊኛ ውስጥ ሳይሆን ቧንቧው ውስጥ ነው። ቧንቧው ይቀደዳል፤ ጠባሳው በኋላ ቧንቧውን ያጠበውና ከፕሮስቴቱ የባሰ ችግር ይሆናል። ሽንቱ ለረጅም ጊዜ ተጠራቅሞ ኩላሊቱን ከጎዳ ደግሞ፣ ከተለቀቀ በኋላ በሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ እየፈሰሰ ሰውየውን ሊያደርቀው ስለሚችል እየለኩ መከታተል ያስፈልጋል። የፊኛውን አፍና የፕሮስቴቱን ጡንቻ የሚያላላው ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም በዚያው ቀን ይጀመርለታል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ቱቦው ወጥቶ ይሞከራል። የላስቲክ ከረጢት አስይዞ «ከወር በኋላ ተመለስ» ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይባልም።

ሁለተኛው ስህተት የተማረውና የተሻለ ገንዘብ ያለው ሰው ስህተት ነው። ልጆች ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ይመጡና አባታቸውን «ሙሉ ቼክአፕ» ያስደርጋሉ፤ ከደሙ ምርመራ አንዱ ፒኤስኤ ነው። ቁጥሩ ከ4 በታች ከሆነ እፎይ ይባላል፣ ከበለጠ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ፒኤስኤ ግን የፕሮስቴት ፕሮቲን እንጂ የካንሰር ፕሮቲን አይደለም። ኢንፌክሽን፣ የሽንት መታገድ፣ ካቴተር ያንሩታል፤ ስለዚህ ከእነዚህ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ አለበት። ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ከግንኙነትና ብስክሌት ከመንዳት መታቀብም ያስፈልጋል። ከ4 እስከ 10 ባለው ቁጥር ባዮፕሲ (ከእጢው ናሙና ወስዶ መመርመር) ከሚደረግላቸው ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራት አንዱ ገደማ ናቸው። ከ4 በታች ሆኖም ካንሰር ያለበት አለ። ፕሮስቴትን የሚያሳንሰውን ፊናስተራይድ ከስድስት ወር በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ ቁጥሩ በግማሽ ስለሚወርድ በሁለት ተባዝቶ መነበብ አለበት፤ ወረቀቱ ላይ 3 ያለው በእርግጥ 6 ነው።

በአሜሪካ ለሚኖረው ወገናችን የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር የሚመክረው፣ ጥቁር ወንዶች ስለዚህ ምርመራ ከሐኪማቸው ጋር በ45 ዓመታቸው መነጋገር እንዲጀምሩ ነው። መነጋገር ይላል፣ ቁጥሩን ማሠራት ብቻ አይልም። ምንም ሕመም የሌለበትን የ80 ዓመት አባት ማስመርመር ግን ከጥቅሙ ጭንቀቱ ይበልጣል።

ሁለቱም ወገን የሚዘለው አንድ ነገር አለ፦ በፊንጢጣ በኩል በጣት የሚደረገውን ምርመራ። አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ጓንትና ቅባት እንጂ ማሽን አይፈልግም። ለስላሳና ያበጠ እጢ አንድ ነገር ይናገራል፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጉብታ ሌላ። ጉብታው ካለ ፒኤስኤው 2 ቢሆንም ባዮፕሲ ይገባዋል። በሽተኛው ያፍራል ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር ሐኪሙም ያፍራል፣ ለዚህም ነው አልትራሳውንድ ለማዘዝ የሚቸኩለው። አልትራሳውንዱም ቢሆን ሽንት ከተሸና በኋላ በፊኛው የቀረው መጠን ካልተለካበት ግማሽ ሥራ ነው።

ካንሰሩ ተሠራጭቶ ከተገኘ የሚመገበው ቴስቶስትሮን ስለሆነ ሆርሞኑ ይዘጋል። በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ሁለቱን የዘር ፍሬዎች አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ማውጣትም አለ። ብዙዎች ቀዶ ሕክምናውን የድሃ ሕክምና አድርገው ያዩታል፤ እኔ አላይም። መርፌው ከገበያ ሲጠፋ ሆርሞኑ ይመለሳል፣ ካንሰሩም አብሮ። ከሩቅ ገጠር ለሚመጣ ሰው ቀዶ ሕክምናው ይሻለዋል።

የወገብ ሕመሙንም «ብርድ» የሚሉት አሉ። የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው ወገቡን እያመመው እግሩ ከዛለ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ ካንሰሩ አከርካሪው ውስጥ ገብቶ ኅብለ ሰረሰሩን እየተጫነው ነው ተብሎ መጠርጠር አለበት። እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን በሰዓታት ውስጥ ተጀምሮ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ካልተከተለ፣ መራመድ ያቆመ እግር የሚመለሰው አልፎ አልፎ ነው።