ቤት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ክረምት ክረሙበት

«ከተማን ትቶ ተራራማ ገጠር መኖር ያዋጣል ወይ?» ለሚለው ጽሑፍ የኔ መልስ፦ ሊያዋጣ ይችላል፣ ግን በክፉው ወር ሄዳችሁ እዩት።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በጋ ላይ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ልብ የሚያርስ። በቃ፣ ልቤ ሸፈተ። ዝናቡ ሲገባ ስመለስ ግን ያ መንገድ ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ። አፈር ተንዶ ሁለት ቀን ተዘጋብን። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ሲቆም ብቻ ነበር። የምሬን ነው፣ ድንጋይዋ ላይ በተራ ነበር የምንወጣው።

ከፍታውንም አትናቁት። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 3000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬ ሲንተከተክ ይውላል እንጂ ቶሎ አይበስልም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር ባይሞክረው ይሻላል።

እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላ ነው። ሌሊት ሰው ቢታመም በስንት ሰዓት ሕክምና ይደረሳል? እናቴ አብራኝ ስለምትኖር ሐሳቤን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ዕይታው ማማር ያን ያህል አውርቶ ይህን አለማንሳቱ ገርሞኛል።