ኧረ የቦምብ ማምከኛ ኪት የያዘ ሰው የለም?

ትናንት ማታ የተሸነፍነው ጨዋታ እስካሁን ሆዴ ውስጥ ይንተከተካል። ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

ጨዋታው ካውንተር ስትራይክ ነው፤ አምስት ለአምስት የሚገጠምበት የኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ። 12 ለ 11 እየተመራን ነው። ቀድሞ 13 የደረሰ ያሸንፋል፤ ይቺን ራውንድ ከጣልን አለቀ ማለት ነው። እኛ ተከላካዮች ነን፤ ቦምብ ከተተከለ ሳይፈነዳ ማምከን አለብን። እነሱ ቦምቡን ተክለዋል። ከእኛ ሁለት፣ ከእነሱ አንድ ሰው ቀርቷል። አንዱ ልጃችን ያንን የመጨረሻውን ሰው ከጭሱ ሲወጣ ጠብቆ ጣለው። ማይኩ ላይ ጩኸት በጩኸት ሆነ። ቦምቡ ሊፈነዳ 8 ወይ 9 ሰከንድ ቀርቶታል። ኪት ላለው ሰው ማምከን 5 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ለሌለው 10 ሰከንድ። ልጁ ኪት የለውም። አጠገቡ ያለውም የለውም። ከሞትነው ከሦስታችን ወድቆ የሚነሳ ኪትም አልነበረም፤ አምስታችንም አልገዛንማ!

ፈነዳ።

ከዚያ የመጣው ስድብ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ። "ምን ትጎተታለህ? ቀድመህ አትገድለውም ነበር?" እያሉ ልጁ ላይ ተረባረቡበት። ኧረ በፈጠራችሁ! ልጁ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። ያ ራውንድ የጠፋው ቦምቡ ጋ አይደለም። ገና ራውንዱ ሲጀመር ዕቃ ስንገዛ ነው የጠፋው። ኪት በጨዋታው ገንዘብ 400 ዶላር ነው። አንዱ 3,000 ዶላር ይዞ ነው የሞተው፤ ስኮርቦርዱ ላይ አይቼዋለሁ። ለመቼ ነው የሚያስቀምጠው? ብንሸነፍ ጨዋታው ያልቃል። ብናሸንፍ 12 እኩል ሆነን መደበኛው 24 ራውንድ ያልቃል። በሁለቱም በኩል ያ ገንዘብ ለምንም አይውልም። እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። መጨረሻ ላይ ስሞክ (የጭስ ቦምብ) ገዛሁ፣ ሳልወረውረው ሞትኩ። እሱን ትቼ ኪት መግዛት እችል ነበር።

የአንድ ቀን ነገር ቢሆን ባልጻፍኩ። ግን ሁልጊዜ ነው። ሁለት ልጆች 5,000 አላቸው፣ ሦስቱ 2,000 አይሞላቸውም። ሁለቱ ማንንም ሳይጠይቁ 2,700 አውጥተው ክላሽ፣ 1,000 ጨምረው የጥይት መከላከያና ሄልሜት ይገዛሉ። ሦስቱ በሽጉጥ ይከተሏቸዋል። እንሸነፋለን። ሁለቱ ክላሾች ሌላው ቡድን እጅ ይገባሉ። በቀጣዩ ራውንድ አምስታችንም ባዶ። የሚያናድደው ደግሞ ጨዋታው ራሱ የተሸነፈን ሰው ይደጉማል። ሽንፈት ሲደጋገም የሚሰጠው ገንዘብ ከ1,400 እያደገ እስከ 3,400 ይደርሳል። አንድ ራውንድ አብረን ብንቆጥብ ቀጣዩ ላይ አምስታችንም ታጥቀን እንገባ ነበር። የሁሉም ሰው ገንዘብ ስኮርቦርዱ ላይ ተጽፏል እኮ። ማየት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አጥቂ ስንሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ቦምቡን ተክለናል፣ ሦስት ለሦስት ነን። ከዚያ በኋላ ቦምቡ እስኪፈነዳ ያለው 40 ሰከንድ የሚሠራው ለእኛ ነው። መምጣት ያለባቸው እነሱ ናቸው። እኛ ጥሩ ቦታ ይዘን፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እየጠበቀ ዝም ማለት ነው ያለብን። የእኛ ልጆች ግን ኪል ፍለጋ፣ የሚገድሉት ሰው ፍለጋ ይወጣሉ። አንድ በአንድ፣ በተራ በተራ። ሦስት ለሦስት የነበረው በ10 ሰከንድ ውስጥ አንድ ለሦስት ይሆናል። የቀረው ብቸኛ ልጅ ደግሞ ይሰደባል።

በነገራችን ላይ፣ አጥቂ ሆነህ ቦምቡ ሳይተከል ሰዓቱ ካለቀ፣ በሕይወት የተረፈ ሰው የሽንፈቱን ገንዘብ አያገኝም። ይህንን ሳያውቅ ጥግ ይዞ የሚደበቅ ስንት አለ!

ዛሬ ጠዋት የትናንቱን ጨዋታ ቅጂ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከተሸነፍንባቸው 13 ራውንዶች በተኩስ ብቻ የተበለጥንባቸው አራት ናቸው። ሌሎቹን በገዛ እጃችን ነው የሰጠናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሦስቱ ላይ ግማሻችን ገዝተን ግማሻችን አልገዛንም። ሁለቱ ላይ ቦምቡን ትተን ኪል ፍለጋ ወጣን። አንዱ ላይ ብቻውን የቀረ ልጃችን 4,750 ዶላር የሚያወጣ ኤደብልዩፒ (የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ) ይዞ አራት ሰው መሀል ገባ። ጠመንጃውን ይዞ ቢሸሽ ኖሮ ቀጣዩ ላይ እንደገና መግዛት ባላስፈለገው። "ሴቭ አድርግ" ያለው ሰው የለም። እኔም አላልኩትም።

እና ሁላችንም ምን እንለማመዳለን? ተኩስ። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ዒላማ ስንመታ እንውላለን። የራሱን ሽንፈት ቁጭ ብሎ የሚያይ ግን የለም። አንዱን ልጅ ቅጂውን ልላክልህ ስለው "የተሸነፍኩትን ምን ላድርገው?" አለኝ። ወንድሜ፣ የምትማርበት እሱ ነው እኮ! ያሸነፍከውንማ ምን ታደርገዋለህ?

ጎበዝ፣ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ራውንዱ ሊጀመር ሲል አንድ ሰው "እንግዛ" ወይ "እንቆጥብ" ይበል። ማንም ይሁን፣ ሌሎቻችን እንስማው። ተሳስቶም ከሆነ አብረን እንሳሳት፣ ስድቡ ይቅር። ትናንት ለተሰደበው ልጅም ይቅርታ ጽፌለታለሁ፣ እናንተም ጻፉለት።

ዛሬ ማታ እንገባለን። አንዱን ኪት እኔ እይዛለሁ። ሁለተኛውን ማን ይያዝ?