የምኖረው ቤት ውስጥ ነው፣ ፖስትኮድ ውስጥ አይደለም

አሁን ገና ስልኩን መዝጋቴ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለምፅፍ ፊደል ብስት እለፉኝ። አዎ ኢንተርኔቱ ነው፣ አሁንም እሱው ነው። ደሞ ጀመረች የምትሉ ዝለሉት፣ እኔ ዛሬ ካልተነፈስኩ አልተኛም።

ቤቱን ሳልፈርም በፊት ጠይቄያለሁ!! ይሄ ይመዝገብልኝ። ስራዬን ታውቃላችሁ፣ በቪዲዮ አስተርጓሚ ነኝ፣ ኢንተርኔት ከሌለ እንጀራ የለም፣ ስለዚህ ቤት ሳይ እንደ ሰው ኩሽናና ሻወር አይደለም መጀመሪያ የማየው። እዛው በር ላይ ቆሜ፣ አከራዩ እየጠበቀኝ፣ ስልኬን አውጥቼ የኢንተርኔት ድርጅቱ ገፅ ላይ ፖስትኮዱን አስገባሁ። አረንጓዴ ምልክት መጣ፣ መልካም ዜና፣ ፉል ፋይበር (እስከ ቤት ድረስ የሚገባው ፈጣኑ መስመር) እናንተ ጋ ደርሷል። እናንተ ጋ! ማን ጋ? በኋላ ነው የገባኝ፣ እዚህ እንግሊዝ አንድ ፖስትኮድ ማለት በአማካይ 15 ምናምን አድራሻ ነው፣ እስከ 100 የሚደርስም አለ፣ እና ከነዛ ውስጥ ላንዱ ከደረሰ ለሁሉም እልል ይላል። ጎረቤትሽ ምሳ ስለበላ አንቺም ጠግበሻል እንደማለት እኮ ነው። እኔ ደሞ እሱን አምኜ የአንድ አመት ኮንትራት ፈረምኩ።

ገብቼ ኦርደር ላደርግ ስል የአድራሻው ዝርዝር ውስጥ የቤቱ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ቤቱ ድሮ አንድ ነበር፣ ለሁለት ተከፍሏል፣ እኔ ታች ነኝ፣ ላይ ደሞ አንድ ጃማይካዊ ሽማግሌ አሉ። እኔ እንደሆንኩ ዝም ብዬ አልጫንም፣ ደወልኩ። ቤቱ ሁለት ፍላት ነው፣ የኔ አልመጣልኝም፣ ምን ልምረጥ? አልኳቸው። ችግር የለም የቤቱን ቁጥር ምረጪው፣ ኢንጂነሩ መጥቶ ያስተካክለዋል አለችኝ። አስር ቀን ጠበቅኩ። ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ውስጥ ይመጣል ተባልኩ፣ ስራ ሰረዝኩ፣ የሰረዝኩትን ደሞ ማንም አይከፍለኝም። 7 ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው መጣ።

ልጁ ጨዋ ነው፣ እሱን አልወቅስም። ታብሌቱን ከፈተ፣ አየኝ፣ ተመልሶ ታብሌቱን አየ። "ይሄ ቤት እኮ ፋይበር አለው" አለኝ። የሽማግሌው ነው! ኮሪደሩ ላይ ቀጭን ነጭ ገመድ አለ፣ ከውጪ በመግቢያው በር ጥግ በኩል ይገባና በትንንሽ ሚስማር ተይዞ የኔን በር ጫፍ ታክኮ ወደ ላይ ይወጣል። ቀለም እንኳን ተቀብቶበታል። በየቀኑ ቁልፌን ስከፍት ትከሻዬ ጋ ነው ያለው። መዝገባቸው ላይ ግን ቤቱ አንድ ስለሆነ፣ አንድ ቤት ደሞ አንዴ ስለገባለት፣ ለኔ የሚገባ ነገር የለም። ልጁ ወደ ደጅ ወሰደኝና ምሰሶው ላይ ያለችውን ጥቁር ሳጥን አሳየኝ፣ ክፍት ቦታ አላት አለኝ፣ ግን ባንቺ አድራሻ ኦርደር ከሌለ መንካት አልችልም። ከመስኮቴ ስምንት እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ የሰማሁትን ዛሬ አንጋጥጬ አየሁት።

እሱ ሳይርቅ ኦርደርሽ ተሰርዟል የሚል ቴክስት ገባ። አፖይንትመንት ሲቀሩ ካሳ አለ ይባላል፣ ሰውዬው ግን አልቀረም፣ መጥቷል! ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ። ከዛ አንዱ አነሳ።

አድራሻሽ ሲስተም ላይ የለም አለኝ። እንዴት የለም፣ ዛሬ ሰው ልካችሁ ደጄ ቆሞ ነበር አልኩት። እሱ ፎቅ ላለው ነው አለኝ። ፎቅ ያሉት ሰውዬ ካላቸው ቆይተዋል፣ ኦርደር ያደረግኩት እኔ ነኝ አልኩት። ዝም አለ፣ ኪቦርዱ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከዛ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "እርግጠኛ ነሽ እዛ ነው የምትኖሪው?"

እናንተዬ! በሶክስ ቆሜ፣ ወጥ ምድጃ ላይ ጥጄ፣ የገዛ ቤቴ ውስጥ!

ድምፄን ሳላነሳ፣ እንደ ልጅ፣ ቀስ ብዬ እንደገና አስረዳሁት፣ ቤቱ ተከፍሏል፣ ሁለት በር ነው፣ ሁለት ቆጣሪ ነው። እሱ ደሞ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና "እዛ ቤት እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ካለ ባናግረው ይሻላል" አለኝ።

እኔን!! ለአስራ አንድ አመት የሀኪምና የዳኛ እንግሊዝኛ በአማርኛ፣ የእናቶቻችንን አማርኛ በእንግሊዝኛ ሳመላልስ የኖርኩትን። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፣ ግን ጉሮሮዬ ተዘጋ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት። አመሰግናለሁ! አሁን ነው መልሱ ሁሉ እየመጣልኝ ያለው፣ ሰሃን እያጠብኩ ስንቴ መለስኩለት።

ኔትፍሊክስ አላየሁም ብዬ አይደለም የማብደው። ያለኝ በድሮው የመዳብ መስመር ነው፣ ዛሬ ስለካው ማውረጃው 11 ሜጋ፣ መላኪያው 0.8። ቪዲዮ ላይ እኔ ሰውን አያለሁ፣ እነሱ ግን እኔን ይቆራርጡኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ነበሩ፣ ዝርዝሩን አልናገርም የሙያ ጉዳይ ነው። ሀኪሙ አንዱን መድሃኒት ያቁሙ አላቸው፣ እኔም "ይሄኛውን አይውሰዱት" አልኩ። መስመሩ ነጠቀና "...ውሰዱት" የምትለዋ ብቻ ደረሰቻቸው። በአማርኛ እኮ ክልከላው ያለው መጀመሪያ ላይ ነው! ያቺ "አይ" ከተበላች ነገሩ ይገለበጣል። እሺ ልጄ እወስዳለሁ ሲሉኝ ነው የደነገጥኩት። ሶስቴ ደጋገምኩ፣ በመጨረሻ አስደገምኳቸው። ባይመልሱልኝስ ኖሮ? ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እና ይሄ አድራሻ የሚሉት ነገር። ሀገር ቤት እኮ ቁጥር የሌለው ቤት "ከመድኃኔዓለም ወረድ ብለህ፣ ቢጫ ግንብ፣ በር ላይ ባህር ዛፍ አለ" ተብሎ እቃ ይደርሳል፣ ቢጠፋም ሱቅ ያለው ልጅ ያሳያል። እዚህ ቁጥር አለ ካርታ አለ ሳተላይት አለ፣ እኔን ግን ማግኘት አልቻሉም። ጂፒ (የሰፈር ሀኪም) ጋ ልመዘገብ ስሄድ እንደዚሁ ነበር፣ በዚህ አድራሻ የተመዘገበ ሰው አለ ብለው ሽማግሌውን ባሌ አደረጓቸው። ፓኬጄ ሁሌ ላይ ነው የሚሄደው፣ ምስኪን እኒያ ሰውዬ በዚያ ጉልበታቸው ደረጃ ይወርዱልኛል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ያለው ወንድሜም ስነግረው ሳቀ፣ ህንፃችሁ ፋይበር ገብቶለታል ተብለው፣ እሱ ተራው ሲደርስ ሳጥኑ ሞልቷል አሉት። በሱ ሳጥኑ ሞላ፣ በኔ ሳጥኑ ክፍት ነው፣ ሁለታችንም የለንም።

ካውንስሉ፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ ግን ያውቀኛል! የካውንስል ታክስ ደብዳቤ በፍላቴ ስም ይመጣል። የቲቪ ፈቃድ ክፈይ የሚለውም ደብዳቤ አንድ ቀን ስቶ ላይ አልወጣም። ማታ ቁጭ ብዬ ስፈልግ እዚህ ሀገር እያንዳንዱ ቤት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ እስከ 12 ዲጂት የሚሆን፣ ዩፒአርኤን ይሉታል፣ የሚሰጠው ካውንስሉ ነው። የኔን አገኘሁት፣ ከሽማግሌው የተለየ ነው፣ ስክሪንሾት አድርጌ በቻት ላክሁላቸው። "መዝገቡ ያለው የመስመሩ ባለቤት ጋ ነው፣ እነሱን ጠይቂ።" የመስመሩን ባለቤት ጠየቅኩ፣ "እኛ ከደንበኛ ጋር በቀጥታ አንሰራም፣ አገልግሎት ሰጪሽን ጠይቂ።" አከራዩን ጠየቅኩ፣ ፈቃድ ካስፈለገ እፈርማለሁ አለኝ፣ እግዜር ይስጠው፣ ግን ምን ላይ ይፈርም፣ ኦርደር ካልኖረ የሚፈረም ወረቀት የለም!

ኦፍኮም፣ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው፣ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ኬብሉ እስከ ቤት ድረስ ፋይበር ካልሆነ ፋይበር ብላችሁ አትጥሩት ብሏቸዋል። ደግ አደረገ፣ ከመንገድ ዳር ካቢኔ መዳብ ጎትተው ፋይበር ሲሉን ኖረዋል። ስሙ ተስተካከለ። በፖስትኮድ አለ ብሎ ሰው ማስፈረሙንስ? የድሮው የስልክ ኔትወርክ በ2027 ጃንዋሪ ይዘጋል እያሉ በየሳምንቱ ወደ ፋይበር ተሻገሪ የሚል ፖስታ ይልኩልኛል፣ ፖስታው ላይ የተፃፈው ደሞ ሙሉ አድራሻዬ ነው፣ ግራውንድ ፍሎር ፍላት ብሎ! ከነኤንቨሎፑ አስቀምጬዋለሁ።

ቤት ልትከራዩ ያላችሁ፣ በፈጣሪ፣ አረንጓዴዋን ምልክት አትመኑ። የበራችሁን ሙሉ አድራሻ ዝርዝሩ ውስጥ በአይናችሁ ካላያችሁ አትፈርሙ። ያስተካክሉልሻል ቢሏችሁም አትፈርሙ።

ሽማግሌው ዛሬ ስልክ ላይ ሳወራ ሰምተውኝ ነው መሰለኝ ወርደው የዋይፋያቸውን ፓስወርድ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ፅፈው ሰጡኝ። እንባዬ መጣ። ሞከርኩት፣ የሚደርሰው ኮሪደሩ ላይ ብቻ ነው፣ በሬን ስዘጋ ይጠፋል። የሰው በሽታ ደሞ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አላስተረጉምም። የነገ የ3 ሰዓቱን ስራ አሁን ሰረዝኩት።

የተከፈለ ቤት ውስጥ ሆኖ አድራሻውን ያስመዘገበ ሰው ካላችሁ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ፣ ማንን እንዳናገራችሁና ስንት ሳምንት እንደፈጀ ጭምር።