ይድረስ ለቦሌ አራብሳ ጭቃ

ቀን፦ ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ለአፍታ ያባራ ለት
ጉዳዩ፦ የግራ እግር ጫማን ይመለከታል

ለተከበሩ አቶ ጭቃ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከአንድ ቀሚስና ከሁለት ጥንድ ጫማ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እርስዎማ ምን ይሆናሉ! ሰኔ ከገባ ወዲህ ሰማዩ ጠዋትም ማታም እየቀለበዎት ነው። ወፍረዋል። አምሮብዎታል። ባለፈው ሳምንት የመንገዱን ዳር ብቻ ይዘው ነበር፤ ዛሬ መሃሉንም ጠቅልለውታል።

አንቱታው ግን እዚህ ላይ ይብቃን። ካልሲዬ ውስጥ ገብቶ የሚውልን አንቱ ማለት ከበደኝ። አንተ እያልኩ ልቀጥል።

መቼም የምታውቀኝ ከቁርጭምጭሚት በታች ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለውን ላስተዋውቅህ። ከዚያ በላይ ዘናጭ ነኝ። ሌላው ሰው ጠዋት ሲነሳ ዜና ያያል፤ እኔ የቴሌግራም ሱቆችን እዞራለሁ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉትን እየረገምኩ በውስጥ መስመር እገባለሁ። (ዋጋ መደበቅን ማን እንዳስተማራቸው ባውቅ ሁለተኛው ደብዳቤ የእሱ ነበር።) ደሞዝ በወጣ ማግስት ደግሞ መርካቶ ነኝ። ቦንዳ ሲፈታ ቀድሞ የደረሰ ነው ደህናውን የሚወስደው፤ አርፍዶ የመጣ የሰው ትራፊ ያነሳል።

ክምሩ ውስጥ እጄን እከትና በጣቴ እመርጣለሁ። ዓይን ይሸወዳል፣ ጣት አይሸወድም። ሊነን ሻከር ይላል። ሐር መጀመሪያ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ፖሊስተር «እኔም ሐር ነኝ» እያለ ይንሸራተታል። ኮት ካገኘሁ ፊቱን አላይም፤ ገልብጬ ገበሩን ነው የማየው። ገበሩ በደንብ ከተሰፋ ሰፊው ሰነፍ አልነበረም ማለት ነው። እንዲህ አድርጌ በ400 ብር ያነሳኋት አንዲት የግመል ቀለም ኮት አለችኝ፤ የለበስኳት ቀን ሰው ሁሉ «ከየት ነው?» ይላል። እኔም ፈገግ ብዬ ዝም እላለሁ። አራዳ ምንጩን አይናገርም።

ይህን ሁሉ ለብሼ፣ ፏ ብዬ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ስወርድ በር ላይ ቆመህ ትጠብቀኛለህ።

«ከድጡ ወደ ማጡ» የሚባለው ለሌላው ሰው ተረት ነው። ለእኔ የመንገድ አቅጣጫ ነው። ከበሩ እስከ መብራት ምሰሶው ድጥ፣ ከምሰሶው እስከ ባጃጅ መያዣው ማጥ። መሃል ላይ ጎረቤቶች የደረደሯቸው ድንጋዮች አሉ። አራቱ ደህና ናቸው። አምስተኛው ሲረግጡት ዘንበል ይልና ከሥሩ ያጠራቀመውን ውሃ ቀሚስ ውስጥ ይተኩሳል። የጭቃ ውስጥ እሾህ ሲባል የሰማሁት ስለ ሰው ነበር፤ ለካ ድንጋይም ይሆናል።

ይህን ሁሉ ይቅር ልልህ እችል ነበር። ይቅር የማልለው ማጋለጥህን ነው።

ሰው ሰፈሬን ሲጠይቀኝ «ቦሌ» እላለሁ። ውሸት የለበትም፤ ቦሌ አራብሳ ውስጥ ቦሌ አለ። ክፍለ ከተማችን 11ኛ ሆኖ የተጨመረው ለሚ ኩራ ስለመሆኑ ያልተጠየቅኩትን ለምን እመልሳለሁ? ታዲያ አንድ ቅዳሜ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ከአንድ ልጅ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነው። ኮቷን ለብሻለሁ። ወሬው ደርቷል።

«ቦሌ የቱ ጋ ነሽ?» አለኝ።

«ትንሽ ገባ ብሎ» አልኩ። ገባ ማለቱ እውነት ነው። ሁለት ታክሲና አንድ ባጃጅ ያህል ይገባል።

ልጁ የወደቀ ሶፍት ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ሲነሳ ፊቱ በርቷል።

«አራብሳ ነሽ እንዴ! እህቴም እዛ ናት!»

አድራሻዬን ከጫማዬ ላይ አነበበው። ቀበሌ እንኳ ነዋሪነቴን ለማረጋገጥ ፎቶና ወረፋ ይጠይቃል። አንተ ያለ ወረፋ፣ ያለ ማኅተም፣ በሁለቱም እግር መታወቂያ ትሰጣለህ።

ወደ ሱሪው ልምጣ። ሰፊ ሱሪ እንደተመለሰ ታውቃለህ፤ እየጠረገህ የሚሄደው እሱ ስለሆነ። የታችኛው ፎቅ እማማ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ ሳቁ። «ውይ ልጄ፣ ይሄ እኮ የእኛ ቦላሌ ነው! በንጉሡ ጊዜ ለብሰን የጣልነው።» ድሮ ፒያሳ ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «እኛ ግን የጎተትነው አስፋልት ላይ ነው» ብለው በራቸውን ዘጉ። ልክ ናቸው። ጂንስ እንደ ኩራዝ ክር ነው። ጫፉ አንተን ከነካ ውሃህን እየሳበ ወደ ላይ ይወጣል። አስፋልት ላይ ስደርስ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነህ፣ መገናኛ ስደርስ ጉልበቴ ላይ።

ቀሚሱን ደግሞ አንተም አትረሳውም። አምና ለእንቁጣጣሽ ብዬ ሽሮ ሜዳ ድረስ ወጥቼ ያሠራሁት። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ ነው የሚሠራው። ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ጥለቱ ክር በክር ሲወጣ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ልነግርህ አልችልም። ወይን ጠጅ ነበር፣ በወርቃማ ጠርዝ። እሱ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ የሠራውን እኔ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ አድርጌ ለበስኩት። አንተም ከጥለቱ በታች የራስህን ጥለት ጣልክበት። አራት ጣት የሚሆን፣ ጥቁር፣ ዙሪያውን። አንዲት ዘመዴ «ጥለቱ ድርብ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ዘንድሮ እንደዚህ ነው» አልኳት። በማግስቱ ዘጠኝ ጊዜ አለቀለቅኩት። አንተ ወጣህ፤ ወይን ጠጁም አብሮህ ወጣ።

ከዚያ በኋላ መላ ፈለግኩ። መጀመሪያ ቀለም ለወጥኩ። ፓንቶን የሚባለው የቀለም ተቋም በየዓመቱ አንድ ቀለም ይመርጣል፤ የፈረንጆቹ 2025 ምርጫው «ሞካ ሙስ» የተባለ ቡኒ ነበር። ሳየው ደነገጥኩ። እኔ እኮ እዚህ ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ ጫማዬ ላይ ነበረ! ስትደርቅ ልክ እሱን ነው የምትመስለው፤ እርጥብ ስትሆን ትንሽ ትጠቁራለህ። ዓለም እስኪደርስብን ሰፈራችን ፋሽኑን ቀድሞ ጨርሶታል።

ከቀለሙ ሌላ መሣሪያዬ ፌስታል ነበር። ሁለት ፌስታል ለሁለት እግር፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ቋጠሮ። ሙድ ያልያዘብኝ የለም፤ ግን ጫማዬ ንጹሕ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ። ለአካባቢው ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። ብቻ አዋጁ ሲረቀቅ የእኔን እግር ያነሳ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አሁን ቦት ነው የማደርገው። ጥቁር ላስቲክ፣ የግንበኛ። ከላይ የግመል ቀለም ኮት፣ ከታች የግንበኛ ቦት። አንድ ጠዋት አንድ የቀን ሠራተኛ ሮጦ መጥቶ «ኢንጂነር፣ ዛሬ ሥራ አለ?» አለኝ። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ያለ ባለሱቅ ቦቱን ያስቀምጥልኛል። ኪራይ አይቀበልም፤ ማስቲካ ግን በየቀኑ እገዛለሁ። ማታ ስንመለስ በሱቁ ጀርባ ሃያ ጥንድ ቦት ተደርድሮ ይጠብቀናል። ሁሉም ጥቁር። መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት አድርጌ ቤት ስደርስ ሁለቱም የግራ ሆነው ተገኙ። ከሰፈሩ ሌላ ጫፍ ሁለት ቀኝ የደረሰው ሰው ሲረግመኝ እንዳደረ አልጠራጠርም።

ሸሪክህንም አልረሳሁትም። ታክሲ መያዣው ጋ ያለውን ሊስትሮ ማለቴ ነው። ጀሪካን፣ ስፖንጅና ያለቀ የጥርስ ብሩሽ ይዞ ይጠብቃል። ነጭ ስኒከር ከሩቅ ሲያይ ፊቱ ይፈካል፣ ነጠላ ጫማ ያቀርብልኛል፣ «እህቴ፣ አረፍ በይ» ይላል። በጥርስ ብሩሹ የሶሉን ስንጥቅ አንድ በአንድ ሲያወጣልህ ሐኪም ነው የሚመስለው። ልጁን አልከሰውም፤ ሠርቶ ነው የሚበላው። ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ሁለታችሁም ደስ ሲላችሁ አያለሁ።

ድሮ አንድ ስኒከር ሲበላሽ ሌላ ይገዛ ነበር። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጫማ ዋጋው አይቀመስም። ቴሌግራም ላይ «ዲሊቨሪ በነፃ» ይሉሃል፤ አራብሳ ስትል ነፃው ያበቃል። ተጨምሮበት እንኳ ሞተረኛው ደውሎ «እህት፣ አስፋልቱ ድረስ ውጪ» ይላል። እሱም አንተን ይፈራል። አዲስ ጫማ ለመቀበል አሮጌ ጫማ አበላሻለሁ።

ብቸኛ እንደሆንክ ይገባኛል። መሃል ከተማው በኮሪደር ልማቱ ንጣፍ ለብሷል፣ መብራት ተተክሎለታል። አራት ኪሎ በነጭ ጫማ ወጥተህ በነጭ ጫማ ትመለሳለህ። አንተም እንደ እማማ ከዚያ ተነስተህ ወደ ዳር ተመድበሃል መሰለኝ። ግን እማማ ሲመጡ አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ አንተ ሹመት ይዘህ ነው የመጣኸው። ጭቃ ሹም የሚባል ድሮ ነበር፤ መሬቱን ያውቃል፣ ግብር ያስከፍላል። እሱ ቀርቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ይኸው እኔ በየጠዋቱ እገብራለሁ። አንዳንድ ቀን ካልሲ፣ አንዳንድ ቀን ታክሲው ያመለጠኝን ሰዓት።

ባለፈው እማማ ጋ ቡና ስጠጣ ይህን ሁሉ አማረርኩ። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጭቃ አይደለም ልጄ፣ ዋልካ ነው። ጤፍ የሚወደው አፈር ነው።» ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅ ክንድ እስኪገባ እንደሚሰነጠቅ ነገሩኝ። የልጅነት አገራቸውም እንዲሁ ዋልካ ነበር። ትንሽ አፈርኩ። ሰፈራችን ከመሠራቱ በፊት እዚህ የነበርከው አንተ ነህ፤ እኛ ነን ተረከዝ አድርገን የመጣንብህ። ለጤፍ የተፈጠረን አፈር ሂል ጫማ ተሸከም ማለት ግፍ ሊሆን ይችላል።

አፍሬም ግን ወደ ጉዳዬ እመለሳለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ የጓደኛዬ ምርቃት ነበር። ቦቱን ተውኩት። ፎቶ አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ አበባ ይዤ ነው የምሄደው። ያቺን ጥቁር ሂሌን አደረግኳት፤ ተረከዟ ቀጭን፣ ጫፏ ሹል፣ ሦስት ወር ያጠራቀምኩባት። አራቱን ድንጋዮች አለፍኩ። አምስተኛውን ዘለልኩት፣ ብልጥ ነኝ ብዬ። ግራ እግሬ አንተ ላይ አረፈ። ገባ። ገባ። እግሬን ስስብ «ጯ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ እግሬም ቀለለኝ። ደስ አለኝ። አንድ እርምጃ ስራመድ አነከስኩ።

ተረከዟ የለችም። የገባችበትም ቀዳዳ የለም፤ ከላይ ገጥመህ ለስልሰሃል፣ ምንም እንዳልዋጠ ሰው። ባለባጃጁ መሪውን ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ምርቃቱ ላይ ለፎቶ ስንቆም በግራ እግሬ ጣቶች ቆምኩ። በፎቶዎቹ ሁሉ ልበር ያማረኝ ነው የምመስለው።

ጫማ ሰፊው «ሁለቱንም ቆርጠን ዝቅ እናድርጋቸው» ብሎኛል። አላስቆርጥም። ቀኟ ሳጥን ውስጥ ቆማ እየጠበቀች ነው። ቦታውን ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ከአምስተኛው ድንጋይ በስተግራ ሁለት ጫማ ያህል። እማማ እንዳሉት ከሆነ ጥቅምት ላይ ደርቀህ ትሰነጠቃለህ። ያን ጊዜ እጅጌዬን ሰብስቤ እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለግራው ተረከዝ፤ ባለበት